አራቱ አንጎሎች ቆመው የሰነበቱበት ሳምንት

ከሰኞ ጀምሮ በቀበሌያችን አንድ ሰው ሲጠራ ሁለት ሰው አቤት ይላል። ሰኞ የነዋሪዎች መዝገብ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር የገባበት ቀን ነው። የመዝገብ ቤቱ ጥበቃ ስለሆንኩ ሲተክሉት አይቻለሁ። አራት አንጎል አለው ብለውናል፤ ማተሚያና የመታወቂያ ፎቶ ማንሻ ካሜራም ተገጥሞለታል።

ባለቤቴን አሰገደችን ስጠራት፣ ሦስት ቤት አልፎ ያለው ጫማ ሰፊ ደምረው አብሯት አቤት ይላል። ወስፌውን እንደያዘ ይመጣል።

«ጋሼ፣ ዛሬም እኔን አይደለም?»

«አይደለም። ይቅርታ።»

«ኧረ ግድ የለም! እንዲህ በፍቅር የሚጠራኝ ከየት አገኛለሁ» ብሎ ይመለሳል።

ማክሰኞ አሰገደች ዘግይታ መለሰች። ረቡዕ «አ» ብላ ቀረች። አፏ እንደተከፈተ፣ ከመቀመጫዋ በግማሽ ተነሥታ፣ ሁለት ቀን ሆናት። ውኃ በማንኪያ ብሰጣት አልዋጠችም። ሰው ሳይጠጣ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅሁ። የነገሩኝን ቁጥር መድገም አልፈልግም።

ዓርብ ጠዋት ንጋቷ የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ መጣች። ሽፋኑን ፈታች፤ ካርዶቹን አንድ በአንድ እየነቀለች፣ እየመለሰች ሞከረች።

«አባባ፣ ማተሚያውና ካሜራው በአንድ መስመር ነው የሚጣሩት። የትኛው አንጎል እንደሚመልስ አልተነገራቸውም። ስለዚህ አራቱም ሥራቸውን አቋርጠው ይነሣሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ ሥራቸው አይመለሱም።»

ለካሜራው የራሱን መስመር ሰጠችው። ቤቴ ከአጥሩ ጀርባ ነውና ወጥቼ «አሰገደች!» አልኩ። ደምረው አልመለሰም። አሰገደችም አልመለሰችም።

«መስመሩ ተለይቷል» አለች ንጋቷ ላቧን እየጠረገች። «አንጎሎቹ ግን እንደቆሙ ናቸው። ለምን እንደማይቀመጡ አልገባኝም።»

እኔ ገባኝ። እንግዳ ሲገባ ሰው «ኖር» ብሎ ይነሣል፤ እንግዳው «በእግዜር» ካላለው አይቀመጥም። እነዚህን ማን «በእግዜር» አላቸው?

«ልጄ፣ እስቲ ፈቀቅ በይ» አልኩና ባርኔጣዬን አውልቄ ወደ ተከፈተው ሳጥን ጎንበስ አልኩ። «በእግዜር! ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጡ!»

ውስጥ አራት ወንበሮች ተራ በተራ ሲንቋቁ ሁለታችንም ሰማን።

«ተቀመጡ!» ብላ ንጋቷ አጨበጨበች። «አባባ፣ አራቱም ተቀመጡ!»

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ባርኔጣዬን ጥዬ ሮጥኩ። አሰገደች ቁጭ ብላ ነበር። የረቡዕን አቤት ጨረሰች፤ ከዚያ ቀጠለች። ከረቡዕ ወዲህ አሥራ ሰባት ጊዜ ጠርቻት ነበርና ለእያንዳንዱ በተራው አቤት አለች። በመካከል ሁለት ጣሳ ውኃ ጠጣች። እኔ እየሳቅሁ፣ እያለቀስኩ በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ሞላ።

«አቤት» አለች እንደገና፣ ማንም ወደሌለበት ጓዳ በር እያየች።

አፌን በእጄ ዳሰስኩት። ተዘግቷል፤ አሥራ ስምንተኛውን የጠራሁት እኔ አይደለሁም።

«መጣሁ» አለች አሰገደች፤ ነጠላዋን አነሣች።