በንጉሡ ሠ የተጻፈችው

«ኪኒኑ ሰው ገድሏል አሉ።»

የሆስፒታላችን ጥበቃ ይህን ሲለኝ ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ሬዲዮ የምንለው በከንቱ አይደለም፤ ባትሪ አይጨርስም።

«ማነው ያለው?»

«አሉ ነዋ! ለአሉ ደግሞ ስም ይጠየቃል እንዴ?»

«እሺ፣ ማን ሞተ?»

«እሱን አላሉም።»

ትቼው ገባሁ። ያን ቀን ለጎረቤታችን ቀብር ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ሴትዮዋ በተኛችበት ነው ያለፈችው፤ ልቧ ነው ተባለ። ኃላፊያችን ግን ፈቃዱን ሰርዞ አስጠራኝ። ስገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ከደም ግፊት ኪኒኖች አንዱ ዙር ሲመረት መጠኑ ተዛብቶ ብዙ እጥፍ ሆኗል፤ ባስቸኳይ ይሰብሰብ የሚል ትእዛዝ ደርሶታል።

«የወሰደ ሰው ሁሉ አሁኑኑ ይደወልለት» አለ። «ግን እንዴት አድርገን?»

እንዴቱ እኔ ነኝ፤ የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች በእኔ እጅ ናቸው። ፋርማሲው የራሱ ዳታቤዝ አለው፤ ለማን የትኛው ኪኒን እንደተሰጠ ያውቃል፣ ስልክ አያውቅም። ካርድ ክፍሉም የራሱ አለው፤ ስልክ ያውቃል፣ ኪኒን አያውቅም። ከተለያየ ሻጭ ተገዝተው በተለያየ ሰርቨር የተቀመጡ፣ አንድ ግቢ እየኖሩ ሰላም የማይባባሉ ናቸው። ኃላፊያችን ዲግሪውን ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። እኔ የምሰቅለው የለኝም፤ ዳታቤዝ የተማርኩት መስታወቱ ከተሰነጠቀ ስልክ ላይ ነው። ቢሆንም ሁለቱን ሰርቨሮች አገናኝቼ በአንድ ጥያቄ አናገርኳቸው። የጋራ ቁጥር ስለሌላቸው በስምና በአባት ስም አጣመርኳቸው።

ሠላሳ ስምንት ሰው ከነስልኩ ወጣ።

መጀመሪያ የፈለግኩት አክስቴን ነው። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ግፊቷን የምትከታተለውም እዚሁ ነው። የለችም። ትንፋሼ ተመለሰ።

«አንቺ ልጅ ጉድ ነሽ!» አለ ኃላፊያችን።

«ገና ምኑን አይተውት!»

ነርሶቹ መደወል ጀመሩ። ጉራዬ ሳይበርድ ዓይኔ የፋርማሲው ድምር ላይ አረፈ። ኪኒኑ የተሰጠው ለአርባ ሦስት ሰው ነው። አምስቱስ?

ሁለት ሰንጠረዥ ሲጣመር ጥንድ ያጣ ሰው አይጮህም። ኮምፒውተሩም ስህተት አለ ብሎ አይናገርም። ሰውየው ዝም ብሎ ይቀራል፤ እንዳልተፈጠረ። የቀሩትን ብቻ አውጣ አልኩት።

የመጀመሪያው መስመር ላይ አክስቴ ነበረች።

የካርድ ክፍሏ ጸሐፊ ፊደል አዋቂ ነኝ ባይ ናት፤ ስሟን በንጉሡ ሠ ጽፋዋለች። ፋርማሲው የቀረበውን ቁልፍ ነክቶ በእሳቱ ሰ። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሴቶች። የሌሎቹም ጣጣ ይኸው ነው፤ የአንዱ ሐመሩ ሐ፣ የአንዷ ዐይኑ ዐ። ሞክሼዎቹን ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ አምጥቼ ጥያቄውን ደገምኩት። አርባ ሦስት ሞላ። አራቱን ለነርሶቹ ወርውሬ አክስቴ ጋ ደወልኩ።

ይጠራል። አይነሳም። ደገምኩ። አይነሳም።

በሩ ላይ ሬዲዮ «ምነው? እውነት ነው እንዴ?» እያለ ተከተለኝ። ዘወር ሳልል ታክሲ አስቆምኩ። ታክሲው የተቆፈረ መንገድ ላይ ሲቆምብኝ ወርጄ ሮጥኩ። አክስቴ ኪኒን የማትረሳ ሰው ናት፤ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ በፊት ቆማ ትውጣለች። «እኔ ዘንግቼ አልሞትም» ትላለች። ምነው አንድ ቀን እንኳ በዘነጋች!

ቤታችን ተቆልፏል። በመስኮት አየሁ፤ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። አልጋው ተነጥፏል። ወለሉን ማየት ፈርቼ ቆየሁና አየሁት። ማንም የለም።

ያኔ ነው በግድግዳው ማዶ፣ ከጎረቤታችን ቤት፣ የለቅሶውን ድምፅ የሰማሁት። ለካ ለቀስተኞቹ ከቀብር ተመልሰው እዚያ ናቸው። ገፍቼ ገባሁ። አክስቴ ጥግ ላይ ብርጭቆ ታጥባለች።

«እታለም! ኪኒኑን ዋጥሽ?»

«የቱን?»

«ባለፈው የሰጡሽን፣ አዲሱን!»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሐዘን ቤት ነው።» እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «አልዋጥኩም።»

እግሯ ሥር ዘፍ ብዬ፣ ሰው እያየኝ፣ ሳቅኩ። ራሴን ዳበሰችኝ።

«ምን ነካሽ የኔ ልጅ? እኔ የድሮው መቼ አለቀልኝ። እሷ ግን» አለች፣ በአገጯ ባዶውን አልጋ እያሳየች፣ «አልቆባት ስትጨነቅ አዲሱን እንዳለ ሰጠኋት። ምስኪን፣ ስንት መረቀችኝ!»