ደጋ የወጣችው ላም

ብርቄ ላሟን እየነዳች ሳጉሬ አጠገብ ወደምትኖረው ታናሽ እህቷ የሄደችው በሐምሌ 1976 ነው። ከአርቦዬ በታች ባለው ቆላ፣ የእሷ ቤት ባለበት፣ ከሰኔ ጀምሮ የጣለው ዝናብ አቧራውን እንኳ አላረጠበም። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ቀረ። ሁለት በሬዎችና አንዲት ጊደር ሞቱባት። የተረፈችው ላሟ ቡሬ ብቻ ናት፤ እሷም እርጉዝ ነበረች።

«ለእህትሽ ለአሰፋች በዳባሬ ስጫት» አላት ባሏ ወልደሰንበት። «እዚህ ቆማ ከምትሞት እዚያ ትውለድ።»

ዳባሬ በአርሲ የታወቀ ነው። ዝናብ የራቀው ሰው ከብቱን ሣር ላለው ዘመድ ይሰጣል። ወተቱና ቅቤው የአላቢው፣ ላሚቱና ጥጃዋ የባለቤቷ ናቸው። ኦሮሞውም አማራውም በዚሁ ይተዳደራል። ብርቄም በደጉ ጊዜ የሌሎችን ላሞች ተቀብላ አልባለች። የራሷን ስትሰጥ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሁሩታን አልፋ፣ አሰላን አልፋ፣ ወደ ደጋው ስትወጣ ምድሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነባት። የአሰፋች ቤት ከጥድ ደን ሥር ነው። ከደኑ ግርጌ፣ ከሥሮቹ መሐል፣ ምንጭ ይወጣል። አሰፋች ውሃ ለመቅዳት ከጓሮዋ ብዙም አትርቅም፤ እንስራዋን ደቅና ከጎረቤት ጋር ሁለት ወሬ ሳትጨርስ ይሞላላታል። ብርቄ ቆማ አየችው። እሷ ያን ሰሞን ውሃ የምትቀዳው ጎህ ሳይቀድ ወጥታ፣ ሩቅ ተጉዛ ነው።

የሚያናድደው ነገር ሌላም ነበር። ሁለቱ ሲዳሩ የታዘነላት አሰፋች ነበረች። «ብርድ ሊጨርሳት ነው፣ ገብስ ብቻ ልትበላ ነው» ተባለላት። ብርቄ ትልቋ ስለሆነች ሰፊ መሬት ላለው፣ ማሽላውና በቆሎው ለተትረፈረፈ ቆለኛ ተሰጠች። ያኔ ቆላው ግራር ለብሶ ነበር፤ ወንዙም በበጋ አይቋረጥም ነበር።

ኋላ ከሰል ገንዘብ ሆነ። ከዲሮ የሚባል ጎረቤታቸው በአህያ እየጫነ ወደ ናዝሬት መላክ ጀመረ፤ ወልደሰንበትም ምሳሩን አንስቶ ተከተለው። መጀመሪያ ሁሉም ተደሰተ። በተመነጠረው መሬት ላይ የተዘራው ማሽላ ሰው አይቶት የማያውቀው ዓይነት ነበር። ከዚያ ወንዙ ቀጠነ። ከዚያ ነፋሱ አፈሩን ያነሳ ጀመር። ከዚያ ደመናው እየመጣ ሳይወርድ ያልፍ ጀመር። ብርቄ ምክንያቱን አልተማረችም፤ ቅደም ተከተሉን ግን በዓይኗ አይታለች።

በታኅሣሥ ጥጃዋን ልታይ ተመልሳ ወጣች። ቡሬ በመስከረም ወልዳ ነበር። አሰፋች ወተት በትልቅ ጣሳ ሞልታ አቀረበችላት።

«ጠጪ እንጂ እትዬ፣ የሰው ቤት አደረግሽው?»

«የማን ወተት ነው?»

«የቡሬ ነዋ! የማን ይሆናል?»

«እንግዲያው የሰው ቤት አላደረግሁትም፤ የላሜ ቤት ነው።»

አሰፋች ሳቀች። ብርቄ አልሳቀችም። የአሰፋች ልጆች ጉንጫቸው ሞልቷል፤ ትንሹ ከንፈሩ ላይ የወተት አረፋ ይዞ ይሮጣል። የእሷ ልጆች በዚያ ሰዓት የእርዳታ ስንዴ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ወተቱን ጠጣችው። ጣፋጭ ነበር፤ ይህም አናደዳት።

ከቀትር በኋላ የአሰፋች ባል ቱፋ ከማኅበሩ ስብሰባ ተመልሶ ገባ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ኮቱ ላይ ባጅ ለጥፏል፤ ጫማው ግን ጭቃ ነው።

«እንኳን መጡ ወይዘሮ ብርቄ። በሉ እርስዎ ይፍረዱን» አለ ገና ሳይቀመጥ። «አውራጃው የስንዴ መሬት ጨምሩ ብሎናል። ያለን መሬት ታርሷል፤ የቀረው ይሄ ጥድ ነው። ይቺ እህትዎ ደግሞ ጥዱ አይነካ ትላለች። ስንዴውን ጣራ ላይ ልዝራው?»

«የሣር ጣራ ላይ ምን ይበቅላል» አለች አሰፋች። «መጀመሪያ ቆርቆሮ ግዛልኝ፣ ከዚያ ትዘራለህ።»

«ይኸው! ሰማሽ? ይቅርታ፣ ሰሙ? በሚስቴ ፊት እንዲህ ነው ሊቀመንበርነቴ።»

አሰፋች ቀልዱን ተወችና ወደ እህቷ ዞረች። «እትዬ፣ ምንጩ የሚወጣው ከጥዱ ሥር ነው። ዛፉ ከሄደ ውሃውም ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። እናንተ ጋ ግራሩ ሲቆረጥ ምን ሆነ? ወንዛችሁ የደረቀው ከዚያ በኋላ አይደል እንዴ?»

«ይንገሩና» አለ ቱፋ። አሁን ድምፁ የቀልድ አልነበረም። «ሽማግሌዎቹም ጥዱ እንዲቀር ነው የሚሹት፤ ፊት ለፊት የሚናገር ነው ያጡት። እርስዎ ደረቀ ካሉኝ፣ ቆላ ያየ ሰው ነገረኝ ብዬ ነገ ስብሰባው ላይ እናገራለሁ። አውራጃውም ሌላ ቦታ ይፈልግ።»

ብርቄ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። እውነቱ ምላሷ ላይ ነበረ፤ ከሰሉ፣ ወንዙ፣ ነፋሱ፣ ደመናው። በዚያ መሐል ከብቶቹ ከግጦሽ ገቡ። ቡሬ በበሩ በኩል ስትመጣ ብርቄ አየቻት። ጀርባዋ ሞልቶ ጠጉሯ ያበራል።

«ቡሬ!» አለቻት። «ቡሬ፣ ነይ!»

ላሚቱ ዞር አላለችም። በብርቄ አጠገብ አልፋ ሄዳ የአሰፋችን እጅ መላስ ጀመረች።

«ጨው ለምዳብኝ ነው እኮ» አለች አሰፋች፣ አፍራ። «ተይ አንቺ፣ ባለቤትሽ መጥታለች!»

ብርቄ የላሚቱን ምላስ በእህቷ መዳፍ ላይ አየች። ከላሚቱ ጀርባ ጥዱ፣ ከጥዱ ሥር ምንጩ ነበሩ።

«ዛፍና ውሃ ምን አገናኛቸው?» አለች። «የእኛን ወንዝ ያደረቀው የፈጣሪ ቁጣ ነው።»

«ኤዬ፣ እንዲያ ነው!» አለ ቱፋ፣ እፎይ እንዳለ ሰው። «አየሽ አሰፋች? ያየ ሰው ይናገር።»

ምንጣሮው በጥር ተጀመረ። መንገደኞች ጢሱ ከአሰላ ይታያል እያሉ ሲያወሩ ብርቄ አርቦዬ ገበያ ላይ ሰማች። የማኅበሩ በር ላይ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚል ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል አሉ። ብርቄ ሽንኩርቷን ገዝታ ተመለሰች።

ያልጠበቀችው ቀጥሎ የመጣውን ነው። በተመነጠረው መሬት ላይ ስንዴው የሰው ወገብ ደረሰ። ቱፋ ለመንግሥት የሚያስገባውን ኮታ ሞልቶ ተረፈው፤ አሰላ ላይ ተሸለመ፤ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ ራዲዮ ገዛ። አሰፋች ለብርቄ አንድ ኩንታል ስንዴ ላከችላት። ብርቄ ስንዴውን አስፈጭታ ልጆቿን አበላች፤ ጎረቤቶቿ እህቷን ሲመርቁም «አሜን» አለች። ቤት ገብታ ግን ከወልደሰንበት ጋር በማይረባ ነገር ተጣላች። ሌላው ሰው ዝናብ ሲጠብቅ፣ እሷ የእህቷን ምንጭ መድረቅ ትጠብቅ ነበር።

ብዙ አላስጠበቃትም። በ1978 ገበሬውን ባንድ ሰፈር የሚሰበስበው መንደር ምሥረታ መጣና የተረፈው ጥድ ለአዲሶቹ ቤቶች ማገርና ወራጅ ሆነ። ክረምቱ ሲመጣ ዝናቡ ራቁቱን ተዳፋት እየገረፈ ወረደ፤ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ጠፋ። የስንዴው አፈር ተጠርጎ ወንዝ ገባ። በተከታዩ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ወጣ። በመጋቢት 1980 አሰፋች ሳጉሬ እህል ሊጭን ከመጣ ነጋዴ ጋር መልእክት ላከች፤ «ላምሽን ውሰጂ» የሚል።

ብርቄ ዳገቱን ስትወጣ እግሯ ቀሎላት ነበር። የጥዱ ቦታ ቀይ ሆኖ፣ በየመሐሉ ጎርፍ ሰንጥቆት አየች። አሰፋች ምንጩ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ከድንጋይ ስንጥቅ በኩባያ እየጨለፈች ወደ ጀሪካን ትጨምራለች። ፊቷ ከስቷል። ከኋላዋ የሴቶች ሰልፍ አለ።

ብርቄ ይህን ሁሉ አየችና ወዲያው የመጣላት ሐሳብ አንድ ነበር፤ አሰፋች አሁንም ውሃ አላት።

«መጣሽ?» አለች አሰፋች፣ ቀና ሳትል። «ጥጃዋ አልዳነችም፤ ቡሬንም የማጠጣበት የለኝም። ልጆቹና እሷ ተሻሙብኝ።»

«የት ልውሰዳት? ቆላ ዘንድሮም ሣር የለም።»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አሰፋች ኩባያውን አስቀመጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን፣ ቱፋ ሲጠይቅሽ፣ ታውቂ ነበር?»

ሴቶቹ ጠጋ አሉ። ብርቄ ልትዋሽ ትችል ነበር። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ለብቻዋ ይዛው ነበርና ሰለቻት።

«አውቅ ነበር።»

አሰፋች አልሰደበቻትም፤ አላለቀሰችም። ኩባያውን ከኋላዋ ላለችው ሴት ሰጠችና ተነሳች። ላሚቱን ከጉሮኖ ፈትታ ገመዱን በብርቄ እጅ አስያዘቻት።

ከመሸጥ በቀር ምርጫ አልነበረም፤ ቀኑም የሳጉሬ ገበያ ነበር። ብርቄ ገመዱን ሳበች። ቡሬ አልነቃነቅ አለች። ከኋላ መታቻት፤ አልሄደችም። በመጨረሻ አሰፋች ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ፊት መሄድ ጀመረች። ላሚቱ ተከተለቻት። እንዲህ ሆነው ወረዱ፤ አሰፋች ከፊት፣ ላሚቱ ቀጥላ፣ ብርቄ ገመድ ይዛ ከኋላ።

ከሊል የሚባል የከብት ነጋዴ መጥቶ የቡሬን ጎድን ዳሰሰ። ላሚቱ ጭንቅላቷን አሰፋች ትከሻ ላይ አሳርፋለች።

«እናት፣ ስንት አልሽ ላምሽን?» አለ አሰፋችን።

አሰፋች መልስ ሳትሰጥ ብርቄ ጮኸች። «የእኔ ናት! እኔን ጠይቅ!»

ገበያተኛው ዞሮ አያት። ከሊል ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ ተመለከተ። «የማንም ትሁን እህቴ፣ የቀራት ቆዳ ነው፤ በቆዳ ዋጋ እንነጋገር» አለ።

አሰፋች ላሚቱን ከትከሻዋ ቀስ ብላ ገፋቻትና ወደ ዳገቱ ተመለሰች፤ ሰልፉ ላይ ተራዋ እንዳያልፋት። ቡሬ ልትከተላት ጎተተች። ብርቄ ገመዱን እጇ ላይ ደጋግማ ጠመጠመች፤ እየቆረጣትም አልለቀቀችውም።