ላብ ነው ያልኩት መስመር

አባቴ በዛብህ አሰብ ወደብ አጠገብ ባለ ጎሚስታ ቤት በያጅ ነው። ዓይኑን የብየዳ እሳት ስለበላው የብረት ስንጥቅ የምፈልግለት እኔ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ያስወጣኝም ለዚሁ ነው፤ መምህራኑማ ከምላሴ ስለተገላገሉ ደስ ብሏቸዋል።

ያን ቀን ተሰንጥቋል ተብሎ የተጠረጠረው የጎማ መንፊያው ትልቁ የአየር ቦምቦላ ነበር። አባዬ አየሩን አስወጥቶ ውስጡ ላምባ ጨመረና ብየዳው ወዳለበት አጋደመው። እኔ ከውጭ ብየዳውን ጠመኔ ቀባሁት። ላምባው በስንጥቅ ከሾለከ ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያወጣል። ያን ጊዜ ቦምቦላው አለቀለት።

ችግሩ የአሰብ ጠዋት ነው፤ ብረቱም እንደኛው ያልበዋል። ላብ ግን ሲቆይ ይደርቃል፣ ላምባ ቶሎ አይደርቅም። መጠበቅ ነው እንግዲህ። የጭነት መኪኖቹ ደግሞ ተሰልፈዋል።

"ጋሼ በዛብህ፣ ቦምቦላውን ሊድሩት ነው እንዴ?" አለ ሳኒ የሚባለው የወሎ ሾፌር።

"አዎ፣ ለእህትህ!" አልኩት። ሾፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ።

ዞር ስል ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር አየሁ።

"እህስ?" አለ አባዬ።

"እርጥብ ነገር አለ።"

"ላብ ነው ላምባ? እስኪ አሽትተሽ ንገሪኝ።"

አሸተትኩ። የላምባውን ጣሳ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እጄም፣ ቀሚሴም፣ ሁሉም ላምባ ላምባ ይላል። አላወቅኩም ማለት ነበረብኝ።

"መሐንዲሷ ጠፋባት!" አለ ሳኒ።

"ላብ ነው" አልኩ።

"ቆይተን እንየው ይሆን?"

"ዓይንህ እኔ አይደለሁ አባዬ?"

አመነኝ። ላምባውን ደፍቶ፣ ውስጡን አድርቆ፣ አየር ሞላው። የሳሙና አረፋ ቀብቶ ሊያየው ፈለገና "ሳሙና አምጪ" ብሎ ላከኝ። ደጃፉን እንዳለፍኩ ቦምቦላው ፈንድቶ ብረቱ ጮኸ። ስመለስ አባዬ ግድግዳው ሥር ወድቋል፤ ከሁለቱም ጆሮው ደም ይፈሳል።

ነፍሱ ተርፋለች። ጆሮው ግን አይመለስም ብለዋል ሐኪሞቹ። ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "እኔ ነኝ ያየሁት፤ ልጅቷ አልነበረችም" ይላል፤ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ እየጮኸ።

ሰው ሲሄድ ጆሮው ላይ ተደፍቼ "እኔ ነኝ አባዬ፤ ልቤ ጠርጥሮ ነበር፣ ሳኒ እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው" እለዋለሁ። ፊደል አልቆጠረ፣ ጽፌ አላሳየው። እሱ ራሴን እየደባበሰ "እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ" ይለኛል። ምን እንዳልኩት ግን አያውቅም።