የዘገየ ዓይን

የክሬኑ ሹፌር አገጩን የዓይን መመርመሪያ ማሽን ላይ አሳርፎ፣ ስክሪኑ ላይ ወዲያና ወዲህ የምትዘለውን ቀይ ነጥብ በዓይኑ ያሳድዳል። ማሽኑን የያዘችው ታናሽ እህቱ ናት። ከግንባታው አጥር ጥግ ባለችው ጠባብ ክሊኒክ ውስጥ፣ ከፍታ ላይ የሚሠሩትን ሁሉ በየሳምንቱ የምትመረምረው እሷ ናት፤ «ብቁ ነው» ካላለች ማንም መሰላሉን አይረግጥም።

ነጥቧ በዘለለች ቁጥር እሷ ጋ ባለው ስክሪን ላይ መስመር ይነሳል። የነቃ ሰው ዓይን ሲዘል መስመሩ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ይወርዳል። የወንድሟ ግን ጉብታ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ የተለጠጠ።

«ምን ውጠህ ነው የመጣኸው?»

«ቁርሴን።»

«ወንድም ጋሼ፣ አትቀልድብኝ።»

አገጩን ከማሽኑ አነሳ። «አንድም ነጥብ አልሳትኩም እኮ።»

«አልሳትክም። ግን ሁሉም ጋ የደረስከው ዘግይተህ ነው። ዓይንህ አይዘልም፣ ይጎተታል።»

ባለፈው ወር የክሬኑ ገመድ ተበጥሶ ብረት ከሰዎች አጠገብ ከወደቀ ወዲህ፣ እንቅልፍ በዓይኑ እንደማይዞር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ሰሞኑን ፊቱ ጠራ ብሎ ስታየው ግን ምክንያቱን ሳትጠይቅ ደስ ብሏት ነበር።

«የእንቅልፍ ኪኒን ነው» አለ በመጨረሻ። «አልይዝ ሲለኝ ሊነጋጋ ሲል ደገምኩት። አሁን ግን ደህና ነኝ። እጄን እይው፣ ይንቀጠቀጣል?»

እጁን ዘረጋ። ቅንጣት አልተነቃነቀም። እሷን ያስፈራት ይኸው ነበር፤ ደህና ነኝ ሲል ከልቡ ነው።

«ድገሚኝ» አለ።

ደገመችው። ጥርሱን ነከሰ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ጉብታው ያው ጉብታ ነው። ሰው እርምጃውን ማፍጠን ይችላል፣ ምላሱንም ማፍጠን ይችላል፤ ዓይኑ ሲዘል ግን ፍጥነቱ በእጁ አይደለም።

«ማሽኑ ተበላሽቷል በይ።»

«አልልም።»

«እንግዲያው የልጆቼን ጉሮሮ ዝጊ። ኪኒን ይውጣል ከተባልኩ ሁለተኛ ክሬን ላይ አያወጡኝም፤ ይሄን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ጣቷ «ብቁ» ከሚለው ቁልፍ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከክሬኑ ስር ቆሞ፣ ለሹፌሩ በእጁ ምልክት የሚሰጠው የገዛ ባሏ ነው። ሁለቱም ይሄን እያሰቡ ሁለቱም አላነሱትም።

ስልኳን አውጥታ ባሏ ጋ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ወንድሟ ፊት አስቀመጠችው።

«ራስህ ንገረው። ኪኒን ውጫለሁ፣ ስሬ ቁምልኝ በለው። እሺ ካለህ አሳልፍሃለሁ።»

«አብደሻል?»

ስልኩ ተነሳ። የመዶሻ ጩኸት ክፍሏን ሞላው።

«አቤት የኔ እመቤት» አለ ባሏ።

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሟ።

«ንስሩ! የት ቀልጠህ ነው? ብረቱ ታስሮ አልቋል፣ እኔም ስሩ እንደ ምሰሶ ተገትሬያለሁ። ቶሎ ናልኝማ። ሌላ ሰው እላይ ከወጣ አንገቴን ሰብሬ ሽቅብ ሳይ ነው የምውለው። አንተ ካለህ ቀና ብዬም አላይ።»

ሹፌሩ ስልኩን ትኩር ብሎ አየው። እህቱ ፊቱን እንጂ ስክሪኑን አላየችም።

«ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም» አለ። «ስማኝ፣ ከብረቱ ስር ውጣ። ዛሬ አልወጣም።»

«አሞሃል?»

«ኪኒን ውጬ ነው የመጣሁት። ሰሞኑንም እንደዚያው ነበርኩ።»

በስልኩ ውስጥ መዶሻው ብቻ ተሰማ። ባልየው ያለፉትን ቀናት እያሰበ እንደሆነ ሚስቱ አወቀች፤ እሷም እያሰበች ነበር።

«እሺ» አለ ባልየው ቆይቶ፤ ጨዋታው ከድምፁ ጠፍቷል። «ወጥቻለሁ። ራቅ ብያለሁ።»

ሹፌሩ ስልኩን ወደ እህቱ ገፋው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ተጫኚው» አለ።

እሷም «ብቁ አይደለም» የሚለውን ተጫነች።