ኛር ናም የተኛችባቸው ስድስት ሰዓታት

የሐይቅ ዳር ከተማዋ የኪሱሙ ሙቀት ሸሚዝ ያስወልቃል፤ ኦዴራ ግን ዓመቱን ሙሉ ሹራብ ለብሶ ነው ከቤቱ የሚወጣው። የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ሰርቨሮች የተቀመጡበትን ቀዝቃዛ ክፍል የሚጠብቀው እሱ ነውና። ጎረቤቱ «ብርዱን ከቢሮ ተሸክሞ መጣ» እያለ ሲያበሽቀው አይከፋውም። የሐይቁ ሰው በቀን ሦስቴ በስልኩ የሚደርሰው መልእክት ከዚያ ብርድ ውስጥ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ሹራቡ እንደ ማዕረግ ልብስ ሆኖለታል።

መልእክቱን የምትልከው ኛር ናም ናት፤ የሐይቅ ልጅ ማለት ነው። የራሷ አካል የሌላት፣ በሰርቨር ውስጥ የምትኖር ማሽን ናት። በሐይቁ ዙሪያ ከተተከሉት የነፋስ መለኪያዎች ወሬ እየለቀመች፣ ማዕበል ሲመጣ ለጀልባ ነጂዎች ትናገራለች። አንድ ክፉ አመል አላት። አንዴ ካጠፏት፣ ነቅታ አፏን እስክትፈታ ስድስት ሰዓት ይፈጅባታል፤ የስድስት ሰዓት ነፋስ ካላጠራቀመች ቃል አይወጣትም። ስለዚህ አትጠፋም። ያለችበት ሰርቨር ሲታመም፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ፣ እንደ ሞላ እንስራ ጠብ ሳትል ወደ ሌላው ትወሰዳለች።

ሰርቨሮቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ አሮጌ፣ አንዱ አዲስ። የአዲሱ ፕሮሰሰር አሮጌዎቹ የማያውቁትን የስሌት ዘዴ ያውቃል። ኛር ናም ደግሞ ስትነሳ አንድ ጊዜ ብቻ «ምን ምን ታውቃለህ?» ብላ ፕሮሰሰሩን ትጠይቃለች፤ ከዚያ በኋላ ድጋሚ መጠየቅ የለም፣ የነገራትን አምና ትኖራለች። በዚህ ምክንያት አዲሱ ዕውቀቱን ደብቆ፣ ልክ እንደ አሮጌዎቹ ሆኖ እንዲመልስላት ተደርጎ ነበር። ይህን ጭምብል ያለበሰችው ከኤልዶሬት የመጣችው ወጣት መሐንዲስ ቼላጋት ናት። «ጭምብሉን ማንም እንዳይነካው፤» ብላ ነበር። «እዚህ የለመደችውን እዚያ ስታጣው ትወድቃለች።»

ኦዴራ ነካው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ እሑድ፣ ቼላጋት እናቷን ልትጠይቅ የሄደች ዕለት። የማኅበሩ ሰዎች መልእክቱ ይዘገያል እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰንብተዋል፣ ሐይቁም ጸጥ ብሏል። ጭምብሉን አነሳና ኛር ናምን አጥፍቶ በአዲሱ ላይ አስነሳት። ስድስት ሰዓቷ ሲሞላ፣ ቀድሞ ሩብ ሰዓት ይፈጅባት የነበረውን ስሌት በሁለት ደቂቃ ጨረሰችው። ሊቀመንበሩ በስብሰባ መሃል ተነስቶ የኦዴራን እጅ ጨበጠ። ለቼላጋት አልነገራትም። መጀመሪያ ረሳ፣ ቀጥሎ አፈረ፣ ኋላማ ነገሩ ያረጀ መሰለው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አዲሱ ሰርቨር ይጮህ ጀመር።

«ሜሞሪው እየሞተ ነው፤» አለች ቼላጋት። «እስከ ምሳ አይቆይም። ወደ አሮጌው እንውሰዳት።» ትእዛዙን ሰጠች። ስክሪኑ እንቢ አለ። ደገመች፤ አሁንም እንቢ።

«ባባ አዊኖ፤» አለች ቀስ ብላ፣ በበኩር ልጁ ስም እየጠራችው። «አሮጌው ፕሮሰሰር የሌለውን ዕውቀት እየተጠቀመች ነው ይለኛል። ከየት አመጣችው?»

ኦዴራ የሹራቡን እጅጌ ወደ ጣቶቹ ሳበ።

«ጭምብሉን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አንቺ እናትሽ ጋ የሄድሽ ዕለት።»

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ሻይ አብረን ስንጠጣ ከረምን፤» አለች ብቻ።

«በግድ ብንወስዳትስ?»

«ትሄዳለች። በጨለማ ደረጃ ሲወርድ አንድ ደረጃ እንደጎደለበት ሰው ትሆናለች። ሳትወድቅ ብትቀር እንኳ የተሳሳተ ነፋስ ትናገራለች፤ እሱ ደግሞ ከዝምታ ይብሳል።»

የቀረው አንድ መንገድ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ አጠፏትና በአሮጌው ላይ አስነሷት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዕውር ናቸው።

«በሉ ለጀልባ ነጂዎቹ ይጻፉላቸው፤» አለች ቼላጋት የታመመውን ሰርቨር ልትፈታ ወደ ውስጥ ስትገባ። «እስከ ዘጠኝ አናይም፣ አትውጡ ብለው።»

ኦዴራ ተቀመጠ። ሐሙስ ሐይቁ መሃል ያለው ደሴት የገበያ ቀን ነው። አትውጡ ቢል ሊቀመንበሩ ለምን ሊለው ነው፤ ለምን ከተባለ ያቺ እሑድ ልትወጣ ነው። ጽፎ አጠፋ፣ ጽፎ አጠፋ። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ላከ፦ «በአነስተኛ ጥገና ምክንያት መልእክቶቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊዘገዩ ይችላሉ።» ጨዋ ዐረፍተ ነገር ናት። ማንንም አታስደነግጥም፤ ማንንም አታስቀርም።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ታናሽ ወንድሙ ኦኩሙ ደወለ። ኦኩሙ በእንጨት ጀልባው ነጋዴ ሴቶችን ወደ ደሴቱ ያመላልሳል።

«ታላቁ፣ የምን ጥገና ነው? ሹራብህ ተተረተረ እንዴ?» ከኋላው የዶሮና የሴቶች ጫጫታ ይሰማል። «አሥራ አራት ሴት ከነዶሮዋ ጭኛለሁ። ልውጣ?»

«ሰማዩን አታየውም? አባታችን እሱን አይቶ አልነበር የሚወጣው?»

«አባታችንማ አየ። እኔን ደመናውን ና ላሳይህ ሲለኝ ያንተን መልእክት አነብ ነበር። ለእኔ ሰማይ ሁሉ አንድ ነው።» ሳቀ። «ውጣ ካልከኝ እወጣለሁ፣ ቅር ካልከኝ እቀራለሁ። ማማ ኒያሱባ ግን በቅርጫቷ ልትመታኝ ደርሳለች።»

ማማ ኒያሱባ ደረቅ ዓሣ ሻጯ ጎረቤታቸው ናት፤ «ብርዱን ተሸክሞ መጣ» የምትለዋን ቀልድ የፈጠረችው እሷ ናት። ኦዴራ በመስኮት ወደ ምዕራብ አየ። ከኮረብቶቹ በላይ በጣት የተጠረገች የምትመስል ቀጭን ግራጫ መስመር ነበረች። ቅር የምትለው ቃል ጥርሱ ጋ ደርሳለች። ግን ወንድሙ በሄደበት ሁሉ «ማሽኗን ያፈጠናት የእኔ ታላቅ ነው» እያለ ሲያወራ ከርሟል።

«ትንሽ ነገር ናት፤» አለው። «እንደታየህ አድርግ።»

«እንግዲያው ወጣሁ።»

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ የመስኮቱ መዝጊያ ተላተመ። ቼላጋት ከውስጥ ወጥታ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰች። የየመለኪያው ቁጥር፣ መጀመሪያ የምዕራቡ፣ ቀጥሎ የመሃሉ፣ እየተከታተለ ያሻቅባል። ኛር ናም ትቆጥራለች፣ ቁጥሩን ታስቀምጣለች፣ ስድስት ሰዓቷ ስላልሞላ ዝም ትላለች። ኦዴራ ወደ ኦኩሙ ደወለ። ጠራ፤ የሚያነሳ የለም። እንደገና ደወለ። ሦስተኛው ላይ መጥራቱንም ተወ።

«የላኩትን ያሳዩኝ፤» አለችው። አነበበችው። «ይቺ ለማን ነው የተጻፈችው?»

ኦዴራ በሩን በርግዶ ወጣ። በዝናቡ ውስጥ ሮጠ። የሐይቁ ዳርቻ ጋ ሲደርስ ነፋሱ እንደ ሥራ ፈት ሰው ያሻውን አድርጎ ሄዶ ነበር። ሁለት የዓሣ ጀልባዎች ያገኙትን አምጥተዋል። አሥራ አንድ ሴቶች አሸዋው ላይ በርጥብ ኩታቸው ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። ሦስቱ የሉም። ኦኩሙ የመቅዘፊያ ስባሪ በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

ኦዴራ ሹራቡን አውልቆ ሊደርብለት ጎንበስ አለ። ውሃ ጠጥቶ የከበደ ሹራብ ምን ሊያሞቅ። ኦኩሙ በክርኑ ገፋው።

«አየሁት፤» አለ ቀና ሳይል። «ሰማዩን፣ እንዳልከኝ አየሁት።»

ኦዴራ አጠገቡ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ለሐይቁ ሰው ሁሉ የሚነግረው ነገር ነበረው፤ ከየት እንደሚጀምር ግን አላወቀም። ዓሣ አጥማጆቹ ያገኙትን ዕቃ አንድ በአንድ ያወጣሉ፤ ጫማ፣ ጀሪካን፣ የማማ ኒያሱባ ቅርጫት።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በቀድሞው ዝግታዋ፣ ኛር ናም ተናገረች። በዳርቻው ላይ ያሉት ስልኮች ሁሉ ባንዴ ጮሁ። ከቅርጫቱ ውስጥም፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት ስልክ አብራ ጮኸች።

«ሐይቁ ሰላም ነው። መውጣት ይቻላል።»

ያቺን ስልክ ለማንሳት እጁን የዘረጋ አልነበረም።