ክቧ ፀ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ሳጥብ ኖሬያለሁ። ደም፣ ትውከት፣ የጫማ ቀለም፣ ስሙን የማልጠራው ሁሉ በእጄ አልፏል። አንዱም አስጠልቶኝ አያውቅም። እድፍ እድፍ ነው፤ ይዘፈዘፋል፣ ይታሻል፣ ይለቃል። ያን ሰሞን ያየሁት ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ነገሩ የእናቴ ዓይን ነው። የግራው ድሮ ጠፍቷል። ቀኙም እየደበዘዘ መጥቶ ሰው የምትለየው በድምፁ ሆነ። ዓይን የሚቀድዱት ሐኪሞች ደግሞ እኛ ሆስፒታል የሚመጡት በዓመት ሁለቴ ነው፤ ሰኞ ገብተው ዓርብ ይሄዳሉ። የእናቴ ተራ ሐሙስ ነበር። “ይሄ ዙር ካለፋት ቀኙንም እርሺው” ብሎ ሐኪሙ ፊት ለፊት ነግሮኛል።

እናቴ ደግሞ ለዓይኗ የምትሳሳው እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ተክላ ለሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ነው ያሳደገችኝ። ከሷ እጅ የወጣ ማመልከቻ ዳኛው ሳይቀር አንብቦ “ማን ጻፈልሽ?” ይል ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል “አልማርም” ብዬ የቀረሁ ጊዜ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን “እሺ፣ ግትርነትሽ እንጀራ ይሁንሽ” አለችኝ። ሆነኝ።

ሰኞ ጠዋት ቀጠሮውን ለማረጋገጥ እጇን ይዤ ሆስፒታል ሄድን። ድሮ ካርድ ክፍል ነበር፤ ቀይ ካርዷን ሰጥተን እንገባ ነበር። አሁን ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ተያይዟል አሉ። መታወቂያው፣ ሆስፒታሉ፣ ጡረታው፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ግድግዳው ላይ “አንድ መስኮት፣ ሁሉም ጉዳይ” ተብሎ በትልቁ ተለጥፏል። እውነትም አንድ መስኮት ነበር። የቀሩትን አራቱን በካርቶን ዘግተዋቸዋል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምን። የመስኮቱ መጋረጃ ከተሰቀለ ወዲህ ውኃ አላየም። መስታወቱ ላይ የሰው ግንባር ቅባት በረድፍ በረድፍ ታትሟል፤ ሁሉም ሰው እየተደገፈ ስለሚለምን ነው። ከውስጥ ያለችው ልጅ ጫማዋን አውልቃ ማስቲካ ታኝካለች። የእናቴን መታወቂያ አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ማስቲካዋን አቆመች።

“እናት፣ አይገናኝም።”

“ምኑ?”

“መታወቂያዋና የሆስፒታል ፋይሏ። ሁለት ሰው ነው የሚለኝ።”

“አንድ ናት። ይቺው፣ እጄን ይዛ።”

“እኔ አይደለሁማ የምለው፣ ሲስተሙ ነው። ስሟ መሐል ያለችው ፊደል ትለያያለች። ፋይሉ ላይ በፀሐዩ ፀ ነው የተጻፈው፣ መታወቂያው ላይ በጸሎቱ ጸ።”

እናቴ ድምፁ ወደ መጣበት አንገቷን አስግጋ፣ “እኔ በፀሐዩ ነኝ” አለች።

“እማማ፣ ሲነበብ እኮ ያው ነው።”

“ያው ከሆነ ለማሽንሽ ንገሪያ!”

ከኋላ ያለው ሰልፍ ሳቀ። ልጅቷም ሳቋ መጣባትና ዋጠችው። “ንግግር አይሰማም እማማ” አለች።

“ማነው መታወቂያውን እንዲህ አድርጎ ያስመዘገበኝ?” አለች እናቴ። እኔ ልጅቷን “በስንት ቀን ይስተካከላል?” አልኳት። ለእናቴ ለምን እንዳልመለስኩላት ኋላ እናገራለሁ።

መታወቂያ ለማስተካከል አርባ አምስት የሥራ ቀን ነው አለችን። ሐሙስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። “ኃላፊያችሁ የት ነው?” አልኩ። “ያለ ቀጠሮ አይገባም፤ ቀጠሮ ደግሞ በስልክ ነው የሚያዘው” አለችኝ። እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ ደረጃውን ወጣሁ። ቀጠሮዬ እግሬ ነው።

ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ሦስት የታሸገ ውኃ፣ አንድ ትልቅ ስክሪን አለ። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ኮሌታው ግን በደንብ አልታሸም። ከውስጥ በኩል ቢጫ መስመር አለበት፤ እንዲህ ያለውን ከሩቅ አውቃለሁ። ነገሬን ሰማኝና ስክሪኑን አሳየኝ።

“ይመልከቱ እናት፣ ዘጠና ስምንት በመቶ ተገናኝቷል። በጣም ትልቅ ውጤት ነው።”

“እናቴስ?”

“እሳቸው ሁለቱ በመቶ ውስጥ ናቸው።”

እንዲህ ሲል ፈገግ ብሎ ነው። ሁለቱ በመቶ ሠፈር ይመስል፣ እዚያ ሄደን የተከራየን ይመስል።

“መፍትሔ አለው” አለ። “በመታወቂያቸው ፊደል አዲስ የሆስፒታል ፋይል እንከፍትላቸዋለን። ሐሙስ ይቀደዳሉ።”

“የድሮው ፋይልስ? የሷ እኮ የአሥራ አንድ ዓመት ሕክምና አለበት። ፔኒሲሊን እንዳትወጋ በቀይ ተጽፎበታል። አንዴ ወግተዋት ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሿ ተቋርጦ፣ ከሞት ነው የመለሷት።”

“እሱን ወደ አዲሱ ማዛወር አልችልም። የሌላ ታካሚ ምስጢር ነው።”

“የማን?”

“የባለፋይሏ።”

“ባለፋይሏ ታች ወንበር ላይ ተቀምጣለች ወንድሜ!”

“እሷ መሆኗ መረጋገጥ አለበት።”

“ማነው የሚያረጋግጠው?”

“ሲስተሙ።”

“እሺ፣ አዲሱ ላይ ጻፍልኝ። ፔኒሲሊን አትወጋ በል፤ ሁለት ቃል ነው።”

“የመድኃኒት ክልከላ በቃል አይገባም እናት። ከምርመራ ውጤት ጋር ተያይዞ ነው የሚገባው። ውጤቱ ያለው ደግሞ…” ብሎ እጁን ዘረጋ።

“እዚያችኛዋ ጋ” አልኩት።

“ገብቶዎታል ማለት ነው” አለ፣ ደስ ብሎት።

የወረቀት ካርዱንም ጠየቅሁ። መጋዘን ገብቶ ተቆልፏል፤ ወረቀት ቀርቷል። እንግዲህ ወይ ዓይኗን ትታ መዝገቧን ትያዝ፣ ወይ መዝገቧን ትታ ዓይኗን ትያዝ። ወርጄ ነገርኳት። “ዓይኔን” አለች፣ ሳታስብ። “መርፌውን በአፌ እነግራቸዋለሁ።” መስኮቱ ጋ ተመልሰን አዲሱን ፋይል አስከፈትን።

ሐሙስ ማለዳ ቀዶ ሕክምናው በር ላይ አልጋ ሰጧት። እኔ በሩን ማለፍ አልችልም። ነርሷ መጥታ ማረጋጊያ መርፌ ወጋቻትና፣ “አሁን ትደክማለች፣ አታናግሪያት” አለችኝ። ከዚያ በእጇ ከያዘችው ስክሪን ላይ አነበበች፦ “የመድኃኒት አለርጂ፣ የለም።”

“አላት ሲስተር! ፔኒሲሊን!”

“እሺ እናት፣ እነግራቸዋለሁ” አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

ያንን “እሺ” አውቀዋለሁ። የሆቴሉ አስተዳዳሪ “መጋረጃዎቹን ሁሉ ዛሬ” ሲለኝ የምሰጠው “እሺ” ነው። እስከ በሩ እንኳ አይደርስም። እናቴ ደግሞ ምላሷ መተሳሰር ጀምሯል፤ በአፌ እነግራቸዋለሁ ያለችው ቀረ።

እጄን ኪሴ ውስጥ ስከት ማርከሩ ነካኝ። አንሶላ የምንለይበት ጥቁር ማርከር ነው፤ የፎቁን ቁጥር ጠርዙ ላይ የምንጽፍበት። ቢቀቅሉት አይለቅም፣ በበረኪና አይለቅም። የቀኝ እጇን እጅጌ ሰበሰብኩ።

“ምን እያረግሽኝ ነው?” አለች፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ።

“እየጻፍኩብሽ።”

“አንቺ? ጉድ ፈላ።”

“እማዬ፣ ስምሽ በክቧ ነው አይደል? ወገቧ ላይ መቀነት ባላት?”

“በሷ።”

ያን ጊዜ ነው ያወጣሁት። “መታወቂያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያኔ አንቺ ታመሽ ቤት ነበርሽ። ጸሐፊዋ ‘በየትኛው ጸ ነው?’ አለችኝ። ‘ጸ ጸ ነው፣ የፈለግሽውን አርጊ፣ ሥራ ረፍዶብኛል’ አልኳት።”

ዓይኗን ጨፈነች። ተኛች ብዬ ነበር።

“አውቄያለሁ” አለች። “ሌላ ማን አለ እንዲህ ያለ ግትር? ጻፊ። መቀነቷን እንዳትረሺ።”

ስሟን በክቧ ጻፍኩ። ከሥሩ፣ አውራ ጣት በሚያህል ፊደል፣ “ፔንስልን አይወጋትም ትሞታለች” ብዬ ጻፍኩ። አልጋውን ገፍተው አስገቧት። በሩ ሁለቴ ተወዛውዞ ተዘጋ።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ግድግዳው ላይ ያለውን የእጅ ቆሻሻ ስቆጥር ነበር። በሩ ተከፈተና ነርሷ የአልኮል ጥጥ እንደያዘች ወጣች።

“ምንድነው የጻፍሽባት? ስንጠርገው አልለቅ አለን።”

“አይለቅም።”

“አሁን የፔኒሲሊን መርፌውን ልንሰጣት ክንዷን ስናጸዳ ነው ያየነው። ዶክተሩ አስቁሞ ሌላ መድኃኒት አዘዘ።” ከዚያ ይቅርታ የምትለኝ መስሎኝ ስጠብቅ፣ “ሌላ ጊዜ ግን እንዲህ ያለውን ሲስተሙ ላይ አስገቡ” ብላኝ ተመለሰች።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያን ቀን ብቻ ነው እድፍ ላይ የተቀመጥኩት።

ዓርብ ፋሻውን ፈቱላት። ብርሃኑ አስቸግሯት ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ አየችኝ፤ አተኩራ አየችኝ።

“አርጅተሻል” አለችኝ።

“ያስረጀኝ መስኮቱ ነው።”

ክንዷን ወደ ዓይኗ አቀረበች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። “‘ፔኒሲሊን’ እንዲህ አይጻፍም። ‘አይወጋትም’ ብለሽ ደግሞ ነጥቡን ትተሽዋል። ዳኛ ፊት ቢቀርብ ይጣል ነበር።” ጣቷን ስሟ ላይ አሳረፈች። “ክቧ ግን ልክ ናት።”

እንዲህ ስትል ስልኬ ጮኸ። “አምጪው፣ እኔ ላንብብ” አለች። አነበበች፦ “ክብርት ደንበኛችን፣ ሐሙስ በነበረዎት የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ባለመገኘትዎ ፋይልዎ ተዘግቷል።”

“እንዴት አልተገኘችም!” ብዬ ጮህኩ።

“ቆይ እስቲ፣ ከላይ ያለውን ስም ልየው” አለች። “በፀሐዩ ነው። እኔን ነው ያጡኝ እንጂ ያቺኛዋ፣ በጸሎቱ ያለችው፣ ቀርባለች።” ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የአሥራ አንድ ዓመት ሕመሟን ነው የዘጉባት። ሁለተኛ መልእክት መጣ፤ ይሄኛው ለያቺኛዋ። “አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ይመዝኑ” ይላል። ያቅለሸለሸኝ ያኔ ነው።

“ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪልኝ” አለች እናቴ።

ዓይንሽን አታድክሚ ብላት ማን ይሰማኛል፤ ግትርነቱን የወሰድኩት ከሷ ነው። ቅዳሜና እሑድ እያረፈች ጻፈች። ድሮ ለሰው እንደምትጽፈው፣ ጉዳዩ፣ ዝርዝሩ፣ ፊርማው። ሁለት ሰው ያደረጋችሁኝን አንድ አድርጉኝ ነው የሚለው ባጭሩ።

ሰኞ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ካርቶኑ እንዳለ ነው፣ መጋረጃውም። ልጅቷ አወቀችኝ።

“እማማ ተቀደዱ? እንኳን ደስ አላችሁ።”

ማመልከቻውን በመስታወቱ ቀዳዳ አሾለክሁላት። በሁለት ጣቷ ይዛ እንደ ቆሻሻ ዳይፐር መለሰችልኝ።

“እናት፣ ወረቀት እኮ ቀርቷል።”

“እኔ አልቀረሁም” አልኳት። “ስሟን አስተካክይ።”

“በምን ላስተካክለው? በየትኛው ፊደል እንደሆነ ማረጋገጫ ሲስተሙ ላይ የለም።”

ማርከሩን ከኪሴ አወጣሁ። የሰው ሁሉ ግንባር የታተመበትን መስታወት በክንዴ ጠረግሁና፣ በፊቷ ትክክል፣ የጭንቅላቷን ያህል አድርጌ ጻፍኳት። ክብ። ከሥሯ እግሯን። መቀነቷንም አልረሳሁም።

“ኧረ እናት! ምን ማድረግሽ ነው? አሁን ማን ያጸዳዋል?”

“አይለቅም” አልኳት። “እኔ አጣቢ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።”

ከሰልፉ ግን አልወጣሁም።