የሽታዬ ክንድ

ሽታዬ ሜትር አትወድም። "እግዜር የሰጠኝን ክንድ ትቼ የቻይና ሜትር ልጎትት?" ትላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሐይቅ ዳሯ ከተማ ምሥራቅ ሰፈር ያለውን የእንጨት ሥራ ቤት ያቆመችው በዚያው ክንዷ ነው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል አቶ በኃይሉ ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት ሊከፍቱ ተነሱ፤ ነጭ ጨርቅ የሚነጠፍበት፣ አስተናጋጁ ከረባት የሚያስርበት ዓይነት። ዕቃውን ከአዲስ አበባ ሊያስመጡ መሆኑን ስትሰማ ሽታዬ ሄዳ ደጃቸው ላይ ቆመች።

"አንድ ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ ልሥራልዎ። ካልወደዱት ይመልሱልኝ፤ ከወደዱት የአዳራሹ ሥራ የእኔ ነው።"

"እስከ ቅዳሜ" አሏት።

ወንበሮቹን ለአናጢዋ ለኑሪ ሰጠችው። "የእጅ ማሳረፊያው ከመሬት ክንድ ከጋት ይሁን" አለችው። ጠረጴዛውን ክንድ ከስንዝር አድርጋ ራሷ ሠራች።

ዓርብ ጠዋት ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ቢገፉት ማሳረፊያው ከጠርዙ ተጋጭቶ ቀጥ አለ። መለሎው ኑሪ ለካ በራሱ ክንድ ለክቶ ኖሯል።

"አንተ ግመል! ክንድ ስልህ የማን መሰለህ?"

"እትዬ፣ እጄን ቆርጬ የእርስዎን ልቀጥል እንዴ?" መጋዙን አነሳ። "የወንበሮቹን እግር ትንሽ ላሳጥረው፤ ማን ያውቃል?"

"ቆይ!"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋ ተመቸው፣ እግሯ መሬት ረገጠ። ጠረጴዛው ላይ ለመብላት ስትሞክር ግን ሣር እንደሚግጥ በግ አቀረቀረች። ሬት ሬት አላት።

"ወንበሩን እንዳትነካ" አለች በመጨረሻ። "ያጠረው የእኔ ነው።"

ከወይራ ጉማጅ ለጠረጴዛው እግሮች ጫማ ጠረበች፤ ሰክታ፣ በኮላ አጥብቃ ስታበቃ መሽቶ ነበር። ቀላ ካለው የጠረጴዛው ዋንዛ ሥር ወይራው ጠቁሮ ታየ።

"ቀለም እንቀባውና ይደበቅ" አለ ኑሪ።

"ይታይ።"

ቅዳሜ አቶ በኃይሉ ወንበሩን ገፉት፤ ሰተት ብሎ ገባ። ጎንበስ አሉ።

"ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?"

"አጥሮብኝ የቀጠልኩት ነው። ከተነቃነቀ ሁለተኛ ደጅዎን አልረግጥም።"

ጠረጴዛውን በአንድ ወገን አንስተው ሲሚንቶው ላይ ለቀቁት። ደገሙት። ንቅንቅ የለም። አገላብጠው አዩትና "በይ እንግዲህ፣ ሌሎቹንም ጫማ አልብሻቸው" አሉ።

ሽታዬ ከሥራ ቤቷ እንደገባች ቀጥ ያለ ዱላ አንስታ በኑሪ ክንድ ለካች፤ በልኩ ቆርጣ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

"ከእንግዲህ የዚህ ቤት ክንድ ይሄ ነው።"

"እትዬ፣ ሜትር ብንገዛስ?"

"አፍህን ዝጋና መላጊያውን አምጣ!"